እግዚአብሔር ካለ ጃኬቱ ለምን?

ጣና ላይ ከምናሳፍራቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወደ ገዳም የሚሄዱ ናቸው። ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ራቅ ሲል ወደ ናርጋ ሥላሴና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ። ነጭ ለብሰው፣ ብዙዎቹ ጾመው፣ ስለት ይዘው፣ ልጅ አዝለው ይመጣሉ። ረዳቱ ብርቱካናማውን ላይፍ ጃኬት ማደል ሲጀምር ከመካከላቸው አንዱ እጃቸውን አንሥተው “ተወው ልጄ፣ እግዚአብሔር አለ” ይላሉ። ይህን የሚሉት ቸልተኞች ወይም ነገር የማይገባቸው አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ በጀልባዋ ውስጥ ካለነው ሁሉ በጸሎት የበረቱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ “ደንብ ነው፣ ይልበሱ” ብሎ ማለፍ ያስለብስ ይሆናል እንጂ ለጥያቄው መልስ አይሆንም። ጥያቄው ደግሞ የምር ነው። የሚጠብቅ አምላክ ካለ፣ ሰው የራሱን ጥበቃ ማዘጋጀቱ የእምነት ማነስ ነው ወይ?

እኔ የሥነ መለኮት ሰው አይደለሁም፤ መርከበኛ ነኝ። አሰብ ወደብ ላይ ገመድ ከመጠቅለል ተነሥቼ፣ በሰንደቅ ዓላማችን ሥር በሚሄዱ የጭነት መርከቦች ላይ ቦሰን እስከ መሆን ደረስኩ። ቦሰን ማለት የመርከቡን ወለል፣ ገመዱን፣ መልህቁንና የነፍስ አድን ጀልባዎቹን የሚቆጣጠር የመርከበኞች አለቃ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ሥራችን ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር እኔም አብሬ ዞርኩ። አሁን ባሕር ዳር ሆኜ የጣና ጀልባ ነጂዎችንና ረዳቶቻቸውን አስተምራለሁ። ይህ ጥያቄ በትልቁ ባሕር ላይ እንዲህ ፊት ለፊት ገጥሞኝ አያውቅም ነበር፤ እዚያ ያለነው ሁላችንም ደመወዝተኞች ነበርን፣ የታዘዝነውን እንለብሳለን። ሐይቁ ላይ ግን የምጭነው ሰው በእምነት ሊጓዝ የመጣ ሰው ነው።

ጣና ከዳር ሆኖ ለሚያየው የዋህ ይመስላል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታትሎ የሚመጣ ሞገድ ያነሣል፤ ትልቅ መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ሳይሰማው የሚያልፈው ነፋስ እዚህ በጀልባ ከንፈር ላይ ውኃ ያስገባል። ጠዋት ጸጥ ብሎ የሚውል የመሰለው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ይነሣል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ዝቅ ባለ አገር የሚሰጠውን ኃይል እዚህ አይሰጥም፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል። በዚህ ላይ እምቦጭ የሚባለው አረም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ለእኛ አዲስ ጠላት ሆኗል፤ ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ የሚገባበትንም ቀዳዳ ይደፍናል። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ይህን ሐይቅ ከማንኛችንም በላይ ያውቁታል፤ ማለዳ ይወጣሉ፣ ዳር ዳሩን ይይዛሉ፣ ሰማዩ ሲከብድ አይከራከሩም።

በመርከብ ላይ ሳለሁ የመጀመሪያው ቦሰኔ የምጽዋ ሰው ነበር፣ ሙስሊም። መልህቅ ከመነሣቱ በፊት ቢስሚላህ ሳይል እጁን ማንሻው ላይ አያሳርፍም፤ ቢስሚላህ ብሎም ፍሬኑን በእጁ ሳይዳስስ አያስነሣም። ከሁለቱ አንዱን ሲያስቀር አይቼው አላውቅም። አንድ ወጣት መርከበኛ “ፍሬኑን ትናንት አይተነዋል እኮ” ሲለው፣ በአላህ ተማምኜ ግመሌን ልልቀቅ ወይ ላለው ሰው ነቢዩ መጀመሪያ እሰር እንዳሉት አስታወሰውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ያኔ ይህን ነገር ከልቤ አልመረመርኩትም። ጸሎት የእሱ ጠባይ፣ መዳሰስ ደግሞ የሙያው ነገር መስሎኝ፣ ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጫቸው ነበር።

አንድ ላይ እንዳያቸው ያደረጉኝ በደሴት ገዳም የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ከከተማ ሲመለሱ የሚሳፈሩት በእኛ ጀልባ ስለሆነ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ወደቡ ላይ ተቀምጠን በዚሁ ጉዳይ ደጋግመን ተነጋግረናል።

“ልጄ” አሉኝ አንድ ቀን፣ “የሰው ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው። ቀኔ ካልደረሰ ጣና አይውጠኝም፤ ከደረሰም ጃኬትህ አይመልሰኝም።”

“አባ” አልኳቸው፣ “ታዲያ ቅድም ሲመጡ ጀልባዋ ታፈስስ እንደሆነ ለምን ጠየቁኝ?”

ትንሽ አሰቡና፣ “የሚያፈስ ጀልባ ላይ አውቆ መውጣትማ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው” አሉ።

ይህ መልሳቸው ከእኔ ክርክር ሁሉ ይበልጣል። ሰይጣን ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል ባለው ጊዜ ያገኘው መልስ ይኸው ነውና። እንግዲህ በመታመንና በመፈታተን መካከል ወሰን አለ፤ አባም ያምኑበታል። የሚቀረው ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ነው። አባ የሚያዩት ቀዳዳ ውኃ የሚያስገባውን ነው። እኔ ደግሞ ከቀትር በኋላ የሚነሣውን ነፋስ፣ በአንድ ወገን የተከመረውን ጭነት፣ ለመሄጃ እንጂ ለመመለሻ የማይበቃውን ነዳጅ አያለሁ። እነዚህም ቀዳዳዎች ናቸው፣ ገና ያልተከፈቱ። ሙያ የምንለው ነገር በአብዛኛው ያልተከፈተውን ቀዳዳ የማየት ልምድ ነው፤ አንዴ ካየሁት በኋላ አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ “እግዚአብሔር አለ” ብል፣ አውቆ በሚያፈስ ጀልባ ላይ እንደሚወጣው ሰው መሆኔ ነው።

ነዳጅ ሲባል፣ ለልጆቹ የማስተምረው ስሌት ቀላል ነው። አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ የቀረው አንድ ሦስተኛ የማይነካ። ያን ሦስተኛ ጀሪካን እንደ ብክነት የሚያዩት ባለቤቶች አሉ። እኔ ግን ወንጌል ራሱ ትርፍ ዘይት የያዙትን አምስቱን ደናግል ልባሞች ብሎ፣ ሙሽራው ይመጣል ብለው በመብራታቸው ብቻ የወጡትን ሰነፎች እንዳላቸው አስባለሁ። አሥሩም ሙሽራው እንደሚመጣ ያምኑ ነበር። የለያቸው ማሰሮው ነው።

አባ ግን በዚያ አላበቁም። “የሚያስፈራኝ ጃኬቱ አይደለም” አሉኝ። “ጃኬቱን አድለህ ስትጨርስ መጸለይ መተውህ ነው።”

ወደዚህ እመለስበታለሁ፤ ቀላል ነገር አይደለም። በፊት ግን መርከበኛ ሁሉ ሊያነበው ስለሚገባው አንድ ምዕራፍ ልናገር።

የሐዋርያት ሥራ 27ኛ ምዕራፍ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት የባሕር ታሪኮች ሁሉ ሥራውን በዝርዝር የሚነግረን ነው። ሉቃስ በመርከቡ ላይ ነበር፣ ዓይኑም ንቁ ነው። የእስክንድርያ መርከብ ስንዴ ጭኖ ወደ ኢጣልያ ይሄዳል፤ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ተሳፍሯል። የጾሙ ቀን አልፏል፣ ማለትም የበጋው የመርከብ ጊዜ አብቅቶ የሚያሰጋው ወቅት ገብቷል። ጳውሎስ እንዳይነሡ ያስጠነቅቃል። ይህ ሰው ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ መርከብ ተሰብሮበታል፣ አንድ ሌሊትና አንድ ቀንም በባሕር ውስጥ አሳልፏል፤ ስለ ባሕር ሲናገር ከሰማው ሳይሆን ከደረሰበት ነው። እስረኞቹን የሚጠብቀው የመቶ አለቃ ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን ሰማ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ የተሳሳቱት ባለሙያዎቹ ናቸው። ያሉበት ወደብ ለክረምት መቆያ ስላልተመቸ ወደ ተሻለው እንሂድ አሉ፤ ሙያቸው ምኞታቸውን አገለገለ። እኔም በሥራ ዘመኔ ያየሁት ትልቁ አደጋ ይህ ነው። የማያውቅ ሰው ይፈራል፤ የሚያውቅ ሰው ግን መሄድ ሲፈልግ እውቀቱን ጠበቃ አድርጎ ያቆመዋል።

ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ። ሉቃስ ያደረጉትን አንድ በአንድ ይጽፋል። ከኋላ የምትጎተተውን ትንሿን ጀልባ በብዙ ድካም ወደ ላይ ሳቧት። የመርከቡን አካል በገመድ ዙሪያውን አሠሩት፤ ይህ ሳንቃዎቹ በሞገድ ኃይል እንዳይከፋፈቱ የሚደረግ የጥንት ሥራ ነው። ጭነት ወደ ባሕር ጣሉ፣ በሦስተኛው ቀን የመርከቡን ዕቃ ጭምር። ብዙ ቀን ፀሐይም ከዋክብትም አልታዩም፤ ኮምፓስ በሌለበት ዘመን ይህ የት እንዳሉ ፈጽሞ አለማወቅ ማለት ነው። ሁሉም ተስፋ በቆረጠበት ጊዜ ጳውሎስ ተነሥቶ መልአክ እንደተገለጠለት ነገራቸው። መርከቡ ይጠፋል፣ ከሰው ግን አንድ ነፍስ እንኳ አትጠፋም።

ተስፋው ተሰጠ። የማያሻማ፣ ከእግዚአብሔር የመጣ፣ ለሁሉም የሆነ ተስፋ። ከዚህ በኋላ ምን ሆነ? በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ ምድር መቅረቡን ጠረጠሩ፤ ምናልባት ሞገድ ዳር ላይ ሲሰበር ሰምተው ይሆናል። ገመድ ጫፍ ላይ የታሠረ ከባድ ነገር አውርደው ጥልቀቱን ለኩ፤ በዛሬ መለኪያ 37 ሜትር ያህል አገኙ። ጥቂት ሄደው ደግመው ለኩ፤ 27 ሜትር ያህል ሆነ። ሁለት ጊዜ መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ አንዱ ቁጥር የት እንዳለህ አይነግርህም፣ ሁለተኛው ግን ወዴት እየሄድክ እንደሆነ ይነግርሃል። ወዲያው አራት መልህቆች ከኋላ በኩል ጣሉ። ከፊት ቢጥሉት መርከቡ በነፋሱ ዞሮ ፊቱን ወደ ባሕር ያደርግ ነበር፤ ከኋላ ስለያዙት አፍንጫው ወደ ዳር እንደተቃና አደረ፣ ሲነጋም መልህቆቹን ቆርጦ ቀጥታ ወደ አሸዋው መንዳት ተቻለ። ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ ስሙ አልተጻፈም። በጨለማ፣ 14 ሌሊት በቅጡ ሳይበላ፣ የነገውን ጠዋት ቀድሞ ያሰበ ሰው ነበር። ላገኘው የምመኘው መርከበኛ ነው።

ቀጥሎ ምዕራፉ የተንጠለጠለበት ነገር ይመጣል። መርከበኞቹ ከፊት መልህቅ እንጥላለን ብለው አስመስለው ትንሿን ጀልባ ወደ ውኃ አወረዱ፤ ሊያመልጡ ነው። ጳውሎስ አወቀባቸው። ለመቶ አለቃውና ለወታደሮቹ እነዚህ ሰዎች መርከቡ ላይ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም አላቸው፤ ወታደሮቹም ገመዱን ቆርጠው ጀልባዋን ለባሕሩ ሰጧት።

መልአኩ አንድ ነፍስ አትጠፋም ብሎ የለም ወይ? ጳውሎስስ ይህን ራሱ ለሁሉ አልተናገረም ወይ? ታዲያ መርከበኞቹ ቢሄዱ ምን ቸገረው? ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ፣ ለአባም ጭምር። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ጳውሎስ ተስፋውን ከመርከበኞቹ እጅ ውጭ በሆነ መንገድ የሚፈጸም ነገር አድርጎ አላየውም። መልህቅ የጣሉት እጆች፣ ጥልቀት የለካው ገመድ፣ ሲነጋ የሚፈታው መሪ ሁሉ የተስፋው አካል ነበሩ። እግዚአብሔር በመርከቡ የነበረውን የ276 ሰው ነፍስ ሲሰጠው መርከበኞቹን ጨምሮ፣ ከነሙያቸው ነው የሰጠው። ስለዚህ የባለሙያ ከቦታው መሸሽ በጳውሎስ ዓይን የመለኮታዊውን ተስፋ መንገድ መቁረጥ ነው። የኖኅም ነገር እንዲሁ ነው። በሩን ከውጭ የዘጋው እግዚአብሔር ነው፤ ሳንቃውን በውስጥም በውጭም በቅጥራን የለቀለቀው ግን ኖኅ።

እንግዲህ ለራሴ የያዝኩትን አቋም ልናገር። አንድ ሰው በራሱ ነፍስ ላይ እግዚአብሔርን መታመን ይችላል፤ እስከ ጫፍ ድረስ። በረሃ ገብተው፣ እህልና ውኃ ትተው የኖሩ ቅዱሳንን ታሪክ እየሰማን ያደግን ነን፤ የሰጡት ግን የራሳቸውን ነፍስ ነው። መሪ የጨበጠ ሰው ግን በሌላ ሰው ነፍስ ላይ “እኔ እግዚአብሔርን ታምኛለሁ” የማለት ሥልጣን የለውም። እናቷ ጭን ላይ የተኛችው ሕፃን አልተጠየቀችም። በሰው ነፍስ አስይዞ የሚታመን ሰው የራሱን መሥዋዕት አላቀረበም፤ የሌላውን ንብረት ነው ለመባ ያመጣው። የነጂ እምነት የሚታየው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ገበያው እየጠራው፣ ተሳፋሪው እያጉረመረመ፣ ሰማዩን አይቶ “ዛሬ ከሰዓት አንሄድም” ሲል። ያንን ቀን ገቢ የሚያጣው እሱ ነው፤ እንጀራዬን እግዚአብሔር ይሰጠኛል ብሎ በራሱ ኪሳራ የሚታመነው እዚያ ላይ ነው። እምነት አለኝ የሚል ነጂ ካለ፣ ባልሄደባቸው ቀኖች እመዝነዋለሁ።

አባ ይህን ሲሰሙ ጃኬቱን ተቀብለው ከጋቢያቸው በላይ ለበሱ። “ለእኔ አይደለም” አሉ፣ “እኔ ካልለበስኩ እነዚህ አይለብሱም።” አብረዋቸው የነበሩት ሴቶች በሙሉ ለበሱ።

አሁን ወደ ፍርሃታቸው ልመለስ፣ ጃኬት አድሎ ጸሎት ስለመተው። አባ እውነታቸውን ነው። ሙያ ሰውን ያደነድናል። የባሕር ሥራ አንድ ነገር ደጋግሞ ማድረግ ስለሆነ፣ ደጋግሞ የተሳካለት ሰው ስኬቱን የራሱ አድርጎ መቁጠር ይጀምራል። ለዚህ መድኃኒት አድርጌ የያዝኩት ግን ከሙያው ውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ሙያው ራሱ በትክክል ሲያዝ ጸሎት የሚሆንበት ቦታ አለ። ላሳያችሁ።

ሰው ከጀልባ ሲወድቅ የመጀመሪያው ሥራ ድምፅ ነው፤ “ሰው ወደቀ!” ብሎ መጮህ፣ በየትኛው ወገን እንደሆነም ጨምሮ። የሚንሳፈፍ ነገር ወዲያው ይወረወራል። ነጂው የጀልባዋን ፊት ሰውየው ወደ ወደቀበት ወገን ይጠመዝዛል፣ የኋላዋ ፕሮፔለር ከሰውነቱ እንዲርቅ። ዞሮ ፊቱን ወደ ነፋስ አድርጎ ቀስ ብሎ ይቀርባል፤ ሲደርስ ሞተር ይጠፋል። ለማውጣት ቦውላይን የምንለውን ቋጠሮ አስረን በብብቱ ሥር እናስገባለታለን፤ ይህ ቋጠሮ ክብደት ሲይዝ ደረቱን አያንቅም፣ ሥራው ሲያልቅም እንደ ልብ ይፈታል። ይህን ሁሉ ልጆቹ ቶሎ ይማሩታል።

የሚከብዳቸው ሌላው ነው። ከረዳቶቹ አንዱ ምንም ሥራ አይሠራም። ገመድ አይዝም፣ አይጎትትም፣ ወደ ኋላም አይዞርም። እጁን ዘርግቶ፣ የወደቀውን ሰው በጣቱ እያመለከተ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይቆማል። ጀልባዋ ስትዞር ክንዱ ይዞራል፣ ዓይኑ ግን አይነቀልም። ሞገድ መካከል ያለ የሰው ራስ ውኃ ላይ ከተጣለ ቅል አይበልጥም፤ ለአንድ አፍታ ዞር ብለህ ብትመለስ አታገኘውም። ወጣቶቹ ይህ ሥራ አይመስላቸውም። ሁሉም ሲሯሯጥ ቆሞ ማመልከት ያሳፍራቸዋል፣ እጃቸውን አውርደው ገመድ ሊያቀብሉ ይሮጣሉ። እኔ ደግሞ ከሁሉ የተሻለውን ልጅ ለዚህ ቦታ እመርጣለሁ። ሰውየውን በእጁ ማዳን አይችልም፤ የሚችለው አለመተው ብቻ ነው። ጸሎትን ከዚህ የተሻለ የማሳይበት መንገድ አላገኘሁም። የሌላውን ሰው ጭንቅ ዓይንን ሳይነቅሉ መያዝ፣ የማዳኑ ኃይል የራስ እንዳልሆነ እያወቁ።

በትልቁ መርከብ ላይ ይህ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። መርከቦች እንዳይጋጩ የወጣው የ1972 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደንብ፣ አምስተኛው አንቀጽ፣ በዓይንም በጆሮም ባለው መንገድ ሁሉ የሚጠብቅ ሰው ሳይቋረጥ እንዲኖር ያዛል። እኔ ለብዙ ጊዜ የቆምኩት ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ተራ ነበር። ከታች ሁሉም ተኝቷል፤ የተኙት ሊተኙ የቻሉት አንድ ሰው ስለቆመ ነው። በእነዚያው ሰዓታት የገዳም ሰዎች ለሰዓታት ጸሎት ይነሣሉ። ማን ለማን እንደሚቆም የተኛው አያውቅም። ቀይ ባሕር ላይ የአንዲት ዓሣ አጥማጅ ጀልባን ደካማ መብራት ፍለጋ ጨለማው ላይ ሳፈጥ፣ እነሱና እኔ አንድ ሥራ ላይ እንዳለን ይሰማኝ ነበር፤ ዛሬም የማስበው እንደዚያው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ከባድ ነው፣ ግን ሳልናገረው ባልፍ ከላይ ያልኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። የጳውሎስ መርከብ ሰዎች ሁሉም ዳኑ፤ የሚዋኙት ዋኝተው፣ ሌሎቹ በሳንቃና በስብርባሪ። የእኛ ልጆች ግን ከጅቡቲ ኦቦክ ዳርቻ ወደ የመን ሲሻገሩ ይሰጥማሉ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ በሰጠመችው አንዲት መርከብ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አልጸለዩም? የማርያምን ስም ሳይጠሩ፣ ሸሃዳ ሳይሉ የሰጠሙ ይመስላችኋል? “ጸልዬ ዳንኩ” የሚል ምስክርነት ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ያልዳነው አልጸለየም የሚል ነገር ከውስጡ ሲወጣ ግን አልቀበለውም። እነሱ ለምን እንደጠፉ አላውቅም፣ እንደማውቅም አልናገርም።

የማውቀው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የመን ሻብዋ ዳርቻ ላይ አሻጋሪዎች ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የመጡ ከ100 በላይ ስደተኞችን፣ አብዛኞቹን ገና ልጆች፣ በግድ ወደ ባሕር ገፍተው አስወጥተዋቸዋል፤ ብዙዎቹ ሰጠሙ። ያንን “የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው” ብሎ የሚናገር ሰው ለሐዘንተኛ ማጽናኛ የሰጠ ይመስለዋል። የሚያደርገው ግን የገፋውን እጅ ከታሪኩ ማውጣት ነው። ከአቅሟ በላይ የተጫነች ጀልባ፣ የማይበቃ ነዳጅ፣ ለተሳፋሪው ያልተሰጠ ጃኬት፣ እነዚህ ሁሉ ሰው የወሰናቸው ውሳኔዎች ናቸው፤ ባለቤት አላቸው። ሐዘኑን ለእግዚአብሔር እናቀርባለን እንጂ በደሉን ለእሱ አንሰጠውም።

ሉቃስ በዚያ ሁሉ መናወጥ መካከል ቁጥሩን ጽፎልናል፣ 276። በማዕበል ውስጥ የሰው ራስ የቆጠረ ሰው ነበር ማለት ነው። ባይቆጠር ኖሮ ሁሉም በደኅና ምድር ደረሱ የሚለው ቃል በምን ይታወቅ ነበር? ዓለም ይህን ለመማር ብዙ ጊዜ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ2,200 በላይ ሰው ይዛ የነፍስ አድን ጀልባዎቿ ቦታ ለ1,178 ብቻ ነበር፤ ሕግም አልጣሰችም፣ የጊዜው ሕግ የጀልባውን ብዛት የሚወስነው በመርከቡ ቶን እንጂ በተሳፋሪው ቁጥር አልነበረምና። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሰውን መቁጠር ጀመረ።

ስለዚህ ልጆቹ ሲያሳፍሩ ይቆጥራሉ፣ ሲያወርዱ ይቆጥራሉ፣ በየደሴቱም ደግመው ይቆጥራሉ። ከቁጥር በላይ ደግሞ ስም አስጽፋለሁ። ደብተሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ከጀልባዋ ጋር ይሄዳል፣ አንዱ ወደቡ ላይ ትኬት ቆራጩ ዘንድ ይቀራል፣ የምንመለስበት ሰዓትም ተጽፎበት፤ ያ ሰዓት ሲያልፍ እሱ ስልክ መደወል ይጀምራል። ይህን ያስጀመረኝ ጅቡቲ ሳለሁ የሰማሁት የስደተኞች መቃብር ነገር ነው፣ ማን እንደሆኑ ሳይታወቅ የተቀበሩት። ስም ከሌለ መርዶ የለም። መርዶ ከሌለ ወሎ ወይም አርሲ ያለች እናት ማልቀስ እንዳለባት ወይስ መጠበቅ እንዳለባት ሳታውቅ ታረጃለች። ፍትሐት የሚደረገው፣ ዱዓ የሚደረገውም ለሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ስም አለው። በሕይወት ማውጣት ያልቻልነውን ሰው ለቤተሰቡ በስሙ መመለስ፣ የባሕር ሙያ ለሟች የሚከፍለው የመጨረሻ ዕዳ ነው።

ስም መስጠት የማይወዱ ተሳፋሪዎች አሉ። “ምን ሟርት ነው፣ እንደምንሞት አድርጋችሁ ትጽፉናላችሁ” ይላሉ። አልቆጣም። ጳውሎስ ሁሉም እንደሚድኑ ከመልአክ ሰምቶ እያለ እዚያ መርከብ ላይ የተቆጠሩ 276 ሰዎች እንደነበሩ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ የአባታቸውን ስም እጠይቃለሁ።